ለጋሼ ማርቆስ የከፈትኩት ስኩተር

ከአስኮ የወጣሁት በጋሼ ማርቆስ ታክሲ ነው። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ከዚህ ካልጀመርኩ የቀረውን መጨረስ አልችልም። በረራዬ ምሽት ላይ ነበር። እናቴ ግን "መንገድ ይዘጋጋል" ብላ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ቤቱን በሰው ሞልታዋለች። የቸርቻችን ሽማግሌዎች መጥተው እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። አንዱ አባት ሻንጣዬን ዓይተው "እሷም ታስፈልጋታለች" አሉና እሷም ላይ እጃቸውን ጫኑ። ውስጧ ቆጮ፣ ሁለት ጠርሙስ ዳጣና እናቴ በላስቲክ ላይ ላስቲክ የጠቀለለችው ቅቤ ነበረ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከእኔ ይልቅ ጸሎት የሚያስፈልጋት እሷ ነበረች። በሰላም አለፈች።

ጋሼ ማርቆስ ከእኛ ቤት ሁለት በር ዝቅ ብለው የሚኖሩ የአስኮ ፒያሳ መስመር ሹፌር ናቸው። ናቸው እላለሁ፤ "ነበሩ" ማለቱን እስካሁን አልለመድኩትም። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ከእናቴ ጋር አንድ ቸርች፣ አንድ የጸሎት ቡድን ናቸው። ሁለቱም ቤተሰብ ከዳውሮ የመጣ ነው፤ እነሱም እኛም ግን አስኮን ከማንም በላይ አገራችን አድርገናታል። እኔ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ኮሌጅ እስክጨርስ በጋሼ ታክሲ ስመላለስ አንድ ቀን ከፍዬ አላውቅም። ሳንቲሜን ለወያላው ስዘረጋ በመስታወቱ ዓይተው "የሷ ተከፍሏል" ይላሉ፣ አለቀ።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ይሄ ምኑ ይወራል ትሉ ይሆናል። እኔም እዚያ እያለሁ አልታየኝም ነበር። ታክሲ ውስጥ የምታውቁት ሰው ከገባ ቀድማችሁ ትከፍሉለታላችሁ፣ እሱም "አይደረግም" ይላል፣ እናንተም "ተከፍሏል" ትላላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ክርክር ነውር ነው። ተመስግኖ መቀመጥ ብቻ ነው። እናቴ አንድ ቀን ዊንጌት ለመውረድ ተሳፍራ የቸርች ሰው እስከ ፒያሳ ከፈለላት። ልትወርድ አፈረች። ፒያሳ ድረስ ሄዳ፣ እዚያ የሌለ ጉዳይ ያላት መስላ ትንሽ ቆማ፣ በሌላ ታክሲ ተመለሰች። "ምነው ወራጅ አላልሽም?" ስላት "ተከፍሎልኝ?" አለችኝ ተቆጥታ።

ያን ዕለት ቦሌ ያደረሱን ጋሼ ናቸው፣ የዕለቱን ሥራቸውን ትተው። አሥራ አራት ሰው ነበርን፤ መዘምራን ጓደኞቼ ከኋላ እየዘመሩ፣ እናቴ ከፊት ዝም ብላ። ሲሰናበቱኝ "ሲመችሽ ደውዪ፣ ሳይመችሽም ደውዪ" አሉኝ። ከመስታወቱ በር ወዲያ ዞር ብዬ ሳይ ሌሎቹ እጃቸውን ያውለበልባሉ፣ እሳቸው ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ቆመሃል አልቆምኩም እየተከራከሩ ነው።

የደረስኩት ዋርሳው ነው፣ ፖላንድ። በተማሪ ቪዛ። ብርዱን አላወራላችሁም፤ ሁሉም ስደተኛ ስለ ብርድ ያወራል። እኔን የጎዳኝ ዝምታው ነው። ትራም ውስጥ ስልሳ ሰው ተሳፍሮ አንድ ሰው አይናገርም፤ የኛ ሰፈር ታክሲ ውስጥ በስልሳ ሰው ድምፅ አራት ሰው ያወራል። በመጀመሪያው ሳምንት ለክፍል ጓደኛዬ የአውቶቡስ ቲኬት ቆረጥኩላት። አመሰገነችኝ፣ ስልኳን አወጣች፣ የሚቀጥለው ፌርማታ ሳንደርስ ብሩን ወደ ሂሳቤ ላከችው። ምን አድርጌያት ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ።

አከራዬ ፓኒ ቦዤና ይባላሉ። ፓኒ ማለት ወይዘሮ ነው። ቤታቸው ንጹሕ ነው፣ ልባቸውም ክፉ አይደለም፤ ሰው ግን ይቆጥራሉ። "ትናንት ሁለት ሰው መጣ።" "አዎ ፓኒ ቦዤና፣ ጓደኞቼ ናቸው።" "ውሉ ላይ ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ።" "ሻይ ጠጥተው ሄዱ እኮ።" "በማን ኩባያ?" እንዲህ እንዲህ እያልን ነው የምንኖረው። እኔም ተንኮሌን አልተውኩም፤ ሁለት እንግዳ ሲመጣብኝ "አንድ ሰው ከነነፍሱ" ብዬ አስመዘግባለሁ።

ትምህርቱን ጨርሼ ያገኘሁት ሥራ የስኩተር ነው። ሁላይኖጋ ይሏታል እነሱ። ልጆች ባንድ እግራቸው እየገፉ የሚጫወቱባት፣ መሪ ያላት ባለ ሁለት ጎማ መቆሚያ አለች አይደል? እሷው ናት፣ ትልቅ ሆና ባትሪና ሞተር ገብቶላት። በየመንገዱ ዳር ቆማ ትጠብቃለች። ሰው በስልኩ መሪዋ ላይ ያለውን ምልክት ያነሳል፣ ጢጥ ትላለች፣ ይወጣባታል፣ የፈለገበት ሲደርስ በስልኩ ዘግቶ ትቷት ይሄዳል። የእኔ ሥራ በቫን እየዞርኩ ያለቀ ባትሪ መቀየርና የወደቁትን ማንሳት ነው። በቀን ስንት እንደማነሳ ልነግራችሁ አልችልም። ወገቤ ያውቀዋል።

ሰው እንዴት እንደሚጠቀምባት ለማየት ከእኔ የተሻለ ቦታ ያለው የለም። ጠዋት ክራቫት ያሰሩ ሰዎች ቀጥ ብለው ያልፋሉ፣ ቢሮ ቆመው የሚሄዱ ይመስላሉ። ከሰዓት ሁለት ኮረዶች ባንዷ ላይ ተቃቅፈው እየጮኹ ይሄዳሉ፤ ክልክል ነው፣ ፖሊስ ሲያዩ አንዷ ዘላ ወርዳ እንደ እግረኛ ትራመዳለች። ልጇን በሁለት እግሮቿ መሃል አቁማ የምትነዳ እናት አለች። ሰክሮ አቅፏት ሣር ላይ የተኛም አግኝቻለሁ፤ ባትሪውን ስነቅል "ተያት፣ ደክሟታል" አለኝ። ቪስዋ ወንዝ ውስጥ የሚጥሏትም አሉ፣ ባልደረቦቼ በገመድና በሜንጦ ያወጧታል። ከሁሉም የባሰው ግን መንገድ መሃል ጥሎ መሄዱ ነው። አንድ ዓይነ ስውር ሰውዬ በዘንጋቸው ሲነኳት ቆመው፣ በየት እንደሚዞሩ ግራ ገብቷቸው ዓይቻለሁ። ሮጬ አነሳኋት። የማንም ያልሆነ ዕቃ ሰው እጅ ላይ ምን እንደሚሆን እሷን ሳይ ይገባኛል።

ጋሼ ማርቆስ የመጡት እኔ በመጣሁ በአራተኛው ዓመት ነው። ታክሲዋ የራሳቸው አልነበረችም፤ ባለንብረቱ ሸጣት። በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው የሰው ረዳት ከመሆን ብለው፣ ኤጀንት አግኝተው፣ የሥራ ቪዛ ይዘው መጡ። ከከተማው ዳር አንድ መጋዘን ውስጥ ፖም ይለቅማሉ፤ ጥሩውን ወዲህ፣ የተመታውን ወዲያ። እሁድ እሁድ ተከራይተን በምንሰበሰብባት ጠባብ አዳራሽ እንገናኛለን። ትራም ስንሳፈር ሁልጊዜ ከሹፌሩ ጀርባ ይቆማሉ። ሹፌሩ ሲዘገይ የእሳቸው ቀኝ እግር ወለሉ ላይ ፍሬን ይረግጣል።

በስኩተሯ ነገር ሲስቁ አይጣል ነበር። "ይቺን አስኮ ብናስገባት ወያላ እንቀጥርላታለን" ይሉኛል። "አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ከኋላ፣ ለበዓል ደግሞ በጉን መሃል!" አንድ ቀን እንዲሞክሯት ጠየቅኳቸው። "ሊዱ፣ እኔ ሃያ ዓመት የነዳሁት አራት ጎማ ነው። ሁለቱን ጎማ የት አድርገሽብኝ?" አሉኝ። እንዲህ ነበር ያሉት። አልፈልግም ነው ያሉት።

የመኖሪያ ካርዳቸውን፣ እዚህ ካርታ ፖቢቱ የሚባለውን፣ ሁለት ዓመት ጠበቁ። ያ ካርድ ከሌለ ወጥቶ መመለስ የለም። ካገኙ ለገና አስኮ ሊሄዱ ነው፤ ለእትዬ አስቴር ጫማ ገዝተው አልጋቸው ሥር አስቀምጠዋል። ቀጠሮው ኅዳር ውስጥ ሐሙስ ቀን ደረሰ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ። ቋንቋ ላስተረጉምላቸው አብሬያቸው ወጣሁ። የቸርች ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል፣ ጫማቸውን ጠርገዋል፣ ወረቀታቸውን በላስቲክ አቃፊ ይዘዋል። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፣ ጠዋቱም ያካፋል።

መንገድ መሃል ትራሙ ቆመ። ከፊታችን አንዱ ተበላሽቶ መስመሩ ተዘግቷል፤ ሁላችንንም አወረዱን። ሰዓቴን ዓየሁ። በእግር አንደርስም፣ ታክሲ በስልክ ብጠራ ከሩብ ሰዓት በኋላ ይላል። ያንን የካርድ ቢሮ አውቀዋለሁ። ባለፈው ጊዜ አምስት ደቂቃ ያሳለፈ ሰው መስኮቱ ላይ ሲለምን ሰምቻለሁ።

"ፕሮሸ ፓኒ፣ እባክዎን፣ ትራሙ ተበላሽቶ ነው።"

"ኒዬ ማ" አለችው ሴትዮዋ። የለም ማለት ነው።

"ምኑ ነው የሌለው?"

"እርስዎ። በሦስት ሰዓት ላይ አልነበሩም።"

ይሄ ጭንቅላቴ ውስጥ እየጮኸ ዞር ስል ግድግዳ ተደግፈው ሁለት ስኩተሮች ቆመዋል። በዚያ ሳምንት ባትሪያቸውን የቀየርኩት እኔ ነኝ።

"ጋሼ፣ በእነዚህ እንሂድ።"

"ኧረ ሂጂ። በሙሉ ልብስ?"

"አሥር ደቂቃ ነው፣ ቀስ ብለን።"

"አይሆንም ሊዱ። ቀጠሮውን ሌላ ጊዜ ያደርጉልናል።"

"አያደርጉልንም። ገና አለፈ ማለት ነው።"

"ይለፍ። እግሬን ብሰበርስ?"

ሦስት ጊዜ እምቢ አሉኝ። ቆጥሬዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ቆጥሬ አላውቅም ማለት ይቻላል። እኔም ስልኬን አውጥቼ ሁለቱንም በእኔ ስም ከፈትኩ። ጢጥ፣ ጢጥ። ደንቡ የሚለው በስምህ የከፈትከውን ራስህ ብቻ ንዳ ነው፤ ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። እርጥብ ድንጋይ ንጣፍ ላይ፣ የትራም ሐዲድ አጠገብ አትንዱ የሚለውንም ለደንበኞች በየቀኑ የምናገረው እኔ ነኝ።

"ጋሼ፣ ከፍያለሁ" አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። "ከፍለሻል?"

"ለሁለታችንም።"

ስኩተሯን ዓዩ፣ እኔን ዓዩ። ያን የእናቴን ፊት ዓየሁት፣ "ተከፍሎልኝ?" ያለችበትን። ፖላንዳዊ ቢሆን ትከሻውን ነቅንቆ "ያንቺ ጉዳይ ነው" ብሎ በሄደ ነበር። እሳቸው ግን ያንን ሁሉ ዓመት ከፍለውልኝ አሁን የከፈልኩትን ጥለውብኝ መሄድ አልቻሉም። "እንግዲህ ምን አደርጋለሁ" አሉና አቃፊውን ኮታቸው ውስጥ ሸጉጠው ወጡ።

መጀመሪያ ተንገዳገዱ፣ ከዚያ ያዙት። እግዚአብሔር ያውቃል ጥሩ ነዱ፣ እጃቸው መሪ ያውቃል። ወደ ሁለተኛው መብራት ስንደርስ መሳቅ ጀመሩ። "ፒያሳ! ፒያሳ! የሞላ ፒያሳ!" ብለው ሲጮኹ ዝምተኛው መንገደኛ ሁሉ ዞሮ ዓየን። እኔም ከፊት እየነዳሁ እየሳቅኩ ነበር። እየሳቅኩ ስለነበር ወደ ግራ ስንታጠፍ ሐዲዱን እንዲያስተውሉ አልነገርኳቸውም።

የፊት ጎማቸው ሐዲዱ ውስጥ ገባ። ድምፁን ሰማሁ እንጂ አላየሁም። ስመለስ ራሳቸው የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ነበር፤ ዓይናቸው ክፍት ነው፣ አያየኝም። ወረቀቶቹ ዝናቡ ላይ ተበትነዋል። አንዲት ሴት የአንገት ሻርፗን አውልቃ ከራሳቸው ሥር አደረገች፣ አንድ ወጣት አምቡላንስ ጠራ፣ ሌላው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ለቅሞ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ይህችን ከተማ ስንት ጊዜ አምቻታለሁ፤ የዚያን ዕለት ሰዎቿን ማማት አልችልም። ጋሼ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ አረፉ።

ለፖሊሱ ሁሉንም ተናገርኩ፣ በመጀመሪያው ሰዓት፣ ሳይጠይቀኝ። እኔ ነኝ የከፈትኩት፣ አልፈልግም ብለው ነበር አልኩት። ጽፎ ጽፎ "አደጋ ነው" አለኝ፣ ውኃም አመጣልኝ። ለባዕድ ሰው እውነቱን መናገር እንዴት ቀላል እንደሆነ ያኔ ነው ያወቅኩት።

እትዬ አስቴር አደጋው በደረሰበት ዕለት ደጋግመው ደወሉ። "ካርዱ ተሰጠው? ምነው ስልኩን አያነሳም?" እዚህ ያለው የጸሎት ቤታችን መሪ ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም፣ ከባሰባቸው አስኮ ያሉት ሽማግሌዎች ተሰባስበው በአካል ሄደው ያርዷቸዋል፣ እስከዚያው ትንሽ አሟቸዋል በያቸው አለኝ። ልክ ነው፣ ባህላችን ነው፤ ሴትዮዋ ብቻቸውን ወጥ ቤት ቆመው እንዲሰሙት አይደረግም። ስለዚህ ዋሸሁ። "ትንሽ ወድቀው ነው፣ ተኝተዋል" አልኳቸው። በማግስቱም፣ ካረፉ በኋላ፣ "አሁንም ተኝተዋል እትዬ" አልኳቸው። "አንቺ ስላለሽለት ጌታን አመሰግናለሁ" አሉኝ። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ሽማግሌዎቹ በራቸውን አንኳኩ።

እኔ ቤት ለቅሶ ሊደርስ ሰው ሲመጣ ፓኒ ቦዤና ደረጃው ላይ ያዙኝ።

"ሃያ ሦስት ሰው! ልደትሽ ነው?"

"ሰው ሞቶብኝ ነው፣ ፓኒ ቦዤና።"

"አባትሽ?"

"አይደሉም።"

"አጎትሽ?"

"የሰፈሬ ታክሲ ሹፌር ናቸው።"

"ሃያ ሦስት ሰው" አሉ ቀስ ብለው፣ "ለታክሲ ሹፌር።" ከዚያ ወደ ቤታቸው ገብተው ስድስት ኩባያ ይዘው ተመለሱ፣ ሰጡኝና ሄዱ።

ለስኩተሩ ኩባንያ ኢንሹራንስም ደውዬ ነበር፤ የራሴ መሥሪያ ቤት ነው፣ ግን የሚያነሳው ሌላ ከተማ ያለ ሰው ነው።

"ፓኒ ሊዲያ፣ መዝገቡን ከፍቻለሁ። ተጓዧ እርስዎ ነዎት። ተጎድተዋል?"

"እኔ አልተጎዳሁም። በሁለተኛዋ የነበሩት ሰው ሞቱ።"

"በሁለተኛዋም ተጓዧ እርስዎ ነዎት።"

"በሁለት ስኩተር ባንድ ጊዜ እንዴት እሄዳለሁ?"

"ደንቡን የጣሱት ለዚህ ነው። በእኛ መዝገብ የወደቁት እርስዎ ነዎት፣ እርስዎ ደግሞ ደህና ነዎት።"

ስልኩን ስዘጋ ከሐሙስ ጀምሮ ያላየሁት መልእክት ስክሪኑ ላይ ቆሟል። ጉዞዎ እንዴት ነበር? በኮከብ ይመዝኑ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የዚህ አገር ሐበሻ ሁሉ አዋጥቶ አስከሬናቸውን ላክን። እኔ አልሄድኩም፤ ወረቀቴ እድሳት ላይ ነበር። እውነቱን ካልሸሸግኩ ባይሆንም አልሄድም ነበር። አስኮ የሰማው "በስኩተር ሲሄድ ወድቆ" የሚለውን ብቻ ነው። ማን ከፈተው ብሎ የጠየቀኝ ስለሌለ አልተናገርኩም። ለሁለት ቀን እንድዋሽ ተፈቅዶልኝ ነበር፤ እኔ ሰባት ወር አደረግኩት።

እትዬ አስቴር በየሳምንቱ ይደውሉልኛል። "በጸሎት ስምሽን ሳልጠራ አልውልም" ይሉኛል። "በመጨረሻው ሰዓት አጠገቡ የነበርሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄ ነሽ።" ስልኩን ስዘጋ ሁልጊዜ እጄን እታጠባለሁ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

በሰኔ እናቴ ናት ነገሩን የነገረችኝ። ሳታስበው፣ በወሬ መሃል። "አስቴር የጸሎት ቡድን መምጣት ትታለች" አለችኝ።

"ምነው?"

"ምን እባክሽ፣ ሰው አፉ አያርፍ። በሃምሳ አራት ዓመቱ በልጆች መጫወቻ፣ ያውም በሙሉ ልብስ፣ ይላሉ። ልጆቹን ጥሎ ፈረንጅ አገር ሊጫወት ሄደ የሚልም አለ። ትንሹን ልጅ ትምህርት ቤት 'ስኩተር' ብለው ነው አሉ የሚጠሩት።"

ሃያ ዓመት አንድ እግረኛ ሳይነኩ የነዱ ሰው ናቸው። አስኮ ላይ ስማቸው ማሾፊያ የሆነው እኔ ዝም ስላልኩ ነው። እትዬ አስቴር ከሚወዱኝ ሰው አንዷ ናቸው፤ እናቴን አንድ፣ እሳቸውን ሁለት ብዬ ነው የምቆጥረው። ሁለቱን ነገር አብሬ መያዝ አልችልም፤ ወይ የእሳቸውን ፍቅር፣ ወይ የጋሼን ስም። አንድ ሳምንት ስልኩን እያነሳሁ አስቀመጥኩት። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደወልኩ።

"ሊዱዬ! ዛሬ አንቺ ቀደምሽኝ?"

"እትዬ፣ የምነግርዎት ነገር አለኝ። ተቀምጠዋል?"

"ተቀምጫለሁ፣ ልብስ እያጣጠፍኩ ነው። ምነው፣ ድምፅሽ?"

ነገርኳቸው። ትራሙን፣ ዝናቡን፣ ሰዓቱን። "ጋሼ አልፈለጉም ነበር። ሦስት ጊዜ እምቢ ብለውኛል። እኔ ነኝ በግድ ሁለቱንም የከፈትኩት። ከፍያለሁ አልኳቸው፤ ከዚያ እምቢ ማለት ከበዳቸው።"

ከወዲያ በኩል የታክሲ ጥሩንባና የጎረቤት በር ይሰማኛል።

"አልፈልግም ብሎ ነበር?" አሉ በመጨረሻ።

"ሦስት ጊዜ።"

"እኔ እኮ ስቆጣው ነው የከረምኩት" አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። "ፎቶውን እያየሁ፣ ምን ሊሠራልህ ወጣህበት፣ እኛ አሳዝነንህ አናውቅም ወይ እያልኩ። ሰባት ወር ሙሉ፣ ሊዱ። ሬሳውን ስቆጣው።"

"ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።"

"ሲወጣበት ምን አለ?"

"ሳቁ። ፒያሳ ፒያሳ ብለው ጮኹ፣ ሰው ሁሉ ዓየን።"

አንድ ድምፅ አወጡ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ እስካሁን መለየት አልቻልኩም። ከዚያ አፍንጫቸውን ጠረጉ።

"ይቅርታውን አልከለክልሽም" አሉኝ። "እሱንም ቁጭ ብዬ ይቅርታ የምጠይቀው አለኝ። አሁን ግን ለጊዜው አትደውዪልኝ። ስችል እኔ እደውላለሁ።"

"እሺ እትዬ።"

ስልኩ ተዘጋ።

በሚቀጥለው ሰኞ እናቴ ደወለችልኝ። እየተቻኮለች ነው የምታወራው። እትዬ አስቴር እሁድ ከአምልኮ በኋላ ምስክርነት አለኝ ብለው ተነሥተው ነበር አለችኝ። "ማርቆስ ሊጫወት አልወጣም። የአገሩ ሰው ከፍሎለት፣ እንዳያሳፍረው ብሎ ነው የወጣው። ከእናንተ መሃል ተከፍሎለት የወረደ ካለ ይነሣ" ብለው ተቀመጡ። አንድም ሰው አልተነሣ። የከፈለውን ሰው ስም ግን ቢጠየቁም አልተናገሩም።

"እኔ እንኳን ስጠይቃት ዝም አለችኝ" አለች እናቴ። "አንቺ አብረሽው ነበርሽ። ማነው እሱ? ታውቂዋለሽ?"

"እኔ ነኝ፣ እማዬ።"

ከወዲያ በኩል በር ስትዘጋ ሰማሁ።

"አስቴር ታውቃለች?" አለችኝ፣ በሹክሹክታ።

"ያውቃሉ።"

"አውቃ ነው ስምሽን..." ብላ አልጨረሰችውም። ነጠላዬን ልልበስ፣ ሄጄ ልያት አለችና ስልኩን ዘጋችው። ምን እንደተባባሉ ስጠይቃት "ተቃቅፈን አለቀስን" ከማለት ሌላ አልነገረችኝም።

ይኸው ጥቅምት ደረሰ። እኔም ጠዋት ጠዋት የወደቁትን አነሳለሁ፣ ባትሪ እቀይራለሁ። ጋሼ ለእትዬ አስቴር የገዙትን ጫማ አገር ቤት በሚሄድ ሰው ልኬዋለሁ፤ ደርሷቸዋል፣ ልክ ሆኗቸዋል አለች እናቴ። ስሠራም ስልኬን ድምፁን ከፍ አድርጌ ኪሴ ውስጥ እይዘዋለሁ፤ ከአስኮ ሲደወል በእጄ ባትሪ ብይዝም አስቀምጬ አነሳለሁ። እናቴ ናት፣ ወንድሜ ነው፣ አንዳንዴም የተሳሳተ ቁጥር ነው። እትዬ አስቴር ገና አልደወሉም።